ተንሳፋፊነት ምንድን ነው? በርሜል ቆጥረው ሰው ለሚጭኑ

«አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ 200 ኪሎ ይሸከማል። አሥሩ ሁለት ቶን ነው፤ ሃያ ስምንት ሰው ተቀምጦበት ቡና ይጠጣል።» ይህችን ስሌት ሰሞኑን እንደገና አየኋት። ከፋብሪካ የተጣሉ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎችን አስሮ፣ በላያቸው ጣውላ አንጥፎ፣ በባሕር ዳር ዳርቻ የሚንሳፈፍ መዝናኛ መሥራት ጥሩ ሐሳብ ነው። ጀልባ ጥገና ላይ የምውል ሰው ነኝና እኔም ሠርቻለሁ። የሚያናድደኝ ማባዛቱ ነው።

200 ኪሎ ማለት በርሜሉ ጨርሶ ሲሰጥም ውኃው ወደ ላይ የሚገፋበት ልክ ነው። ጨርሶ የሰጠመ በርሜል ግን አንድ ሕፃን ቢጨመርበት የሚሰጠው መልስ የለውም። መልስ የሚሰጠው ገና ያልሰጠመው ክፍል ነው። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው ግማሹን በርሜል ብቻ ነው፦ አሥሩ 1,000 ኪሎ። በርሜሎቹ ራሳቸው ወደ 100፣ ጣውላውና ብረቱ ደግሞ 450 ይመዝኑ እንበል፤ ለሰው የተረፈው 450 ኪሎ ነው። አንዱን ሰው 70 ኪሎ ካልን ስድስት ሰው። ወንበሩና ረከቦቱ ገና አልተመዘኑም።

«ቢሆንም ይንሳፈፋል» ብሎ የተከራከረኝ አለ። አዎ፣ ሁሉም መሀል ላይ ቆሞ ካልተነቃነቀ ከዚያም የበዛ ሰው ይይዛል። ይህ ሰው ጉማሬ ብቅ ሲል ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግ አላየም ማለት ነው። በርሜሎቹ አምስት አምስት ሆነው በሁለት መደዳ ታስረዋል እንበል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ጭንቅላቱን ያወጣል፤ አንዱ «ያውላችሁ!» ይላል፤ አሥራ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጠርዝ ይሮጣል። 770 ኪሎ፤ የወለሉና የበርሜሎቹ ግማሽ ክብደት 275 ሲጨመርበት 1,045። የዚያ መደዳ አምስት በርሜሎች ጨርሰው ቢሰጥሙ እንኳ መጨረሻቸው 1,000 ነው። የሌላው መደዳ አምስት በርሜሎች አየራቸውን ታቅፈው ከላይ ይመለከታሉ። በርሜል መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ መደዳዎቹን ማራራቅ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወለሉ ላለማዘንበል የሚታገልበት ጉልበት በግምት አራት እጥፍ ይሆናል።

ታንኳን አስቡ። እያንዳንዱ የደንገል ዘንግ የራሱን አየር የያዘ ትንሽ በርሜል ነው፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው አይሰማውም። ቀዛፊው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጭነቱም ዝቅ ይላል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ባለቤቱ መክበዱን ያውቃል፤ ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። በርሜልን ግን ማን ያሰጣል? ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። በርሜል ከወለሉ ሥር ተደብቆ ነው የሚጠጣው። በቀትር ግለት አየሩ ተስፋፍቶ ባረጀው የክዳን ጎማ በኩል ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የቀረው ይኮማተርና ክዳኑ ውኃ ውስጥ ከሆነ ሐይቁን ቀስ እያለ ይስባል። የገባው ውኃም ዝም ብሎ አይተኛም፤ ወለሉ ወዳዘነበለበት ይሮጣል፣ ልክ ጉማሬ እንዳየው ሰው። ስለዚህ የክዳኑን አፍ ከውኃው በላይ አድርጋችሁ እሰሩ።

ያልተጠየቅሁትንም ልጨምር። በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር? ኬሚካል ከነበረ ጣና ውስጥ አይታጠብም። ነዳጅ የነበረበትን የብረት በርሜል ደግሞ በብየዳ አትንኩት፤ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ነፋስ የገፋው እምቦጭ ከወለሉ ጋር ሲከመር ገመዱን እንደሚጎትትም አትርሱ።

ሐይቁም አንድ ቦታ አይቆምም። ከክረምቱ በኋላ መስከረም አካባቢ ይሞላል፤ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ይጎድላል። በዓባይ መውጫ ላይ ያለው መቆጣጠሪያና የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከፍታውን ይለውጡታል። ከዳርቻው ወደ ወለሉ የዘረጋችሁት፣ በጥቅምት ተደላድሎ ያያችሁት መሸጋገሪያ በግንቦት ቁልቁለት ይሆናል፤ በሁለቱም ጫፍ ማጠፊያ ይኑረው።