ኪሌተር ምንድን ነው? በቆዳ መንከባከቢያ ምርቶች ውስጥ ያለው ሥራና የደኅንነቱ ጉዳይ

ኪሌተር የብረታ ብረት አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከየአቅጣጫው ከቦ በመያዝ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር እንዳይገናኙ የሚያደርግ ውህድ ነው። በክሬም፣ በሎሽንና በሻምፑ ማሸጊያዎች ላይ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ ተጽፎ የሚገኘው ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ነው። አንድ የኢዲቲኤ ሞለኪውል አንድን አዮን በስድስት ነጥብ ሊይዘው ስለሚችል፣ በተለይ አይረንንና መዳብን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቃቸውም።

እነዚህ ብረታ ብረቶች ክሬም ውስጥ ምን ይሠራሉ ቢባል፣ ማንም ሆን ብሎ አልጨመራቸውም፤ ከውኃው፣ ከዕፅዋት ጭማቂው፣ ከማዕድን ቀለሙ ወይም ከማምረቻው ዕቃ እጅግ በጥቂቱ ሾልከው ይገባሉ። ችግሩ ማነሳቸው ጉዳታቸውን አለማሳነሱ ነው። አይረንና መዳብ ኦክሲዴሽንን፣ ማለትም ንጥረ ነገሮች ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው የሚበላሹበትን ሂደት፣ ያፋጥናሉ እንጂ በሂደቱ ራሳቸው አያልቁም፤ ስለዚህ ያው ጥቂት አዮን ደጋግሞ እየሠራ ዘይቱን ያሻግታል፣ ሽታውን ይለውጣል፣ ቀለሙን ያደበዝዛል። ይህ በግልጽ የሚታየው በቫይታሚን ሲ ሲረም ላይ ነው፦ ሲገዛ ውኃ የመሰለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆንና በመጨረሻ ቡናማ መልክ ይይዛል። አየርና ብርሃንም የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ኪሌተር ይህን ለውጥ ጨርሶ ባያስቀረውም፣ በሚገባ ያዘገየዋል።

ሁለተኛው ሥራው ካልሲየምና ማግኒዥየም ከበዛበት ውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ሳሙና ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ሲገናኝ የማይሟሟና በቆዳም በመታጠቢያ ገንዳም ላይ የሚጣበቅ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ኪሌተር ማዕድናቱን ቀድሞ ሲይዛቸው አረፋውም እጥበቱም ይሻላል። ሦስተኛው ሥራው ግን ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ያገኘ ይመስለኛል። እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋናቸውን አጽንተው የሚይዙት በማግኒዥየምና በካልሲየም ነው፤ ኪሌተር እነዚህን ሲነጥቃቸው ሽፋናቸው ይላላል፣ ምርቱን ከብልሽት የሚጠብቀው ፕሪዘርቫቲቭም በአነስተኛ መጠን ውጤታማ ይሆናል።

ወደ ደኅንነቱ ስንመጣ፣ በአንድ ምርት ውስጥ የሚጨመረው ኢዲቲኤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.2 በመቶ ነው። ሞለኪውሉ የኤሌክትሪክ ሙል ያለውና ውኃ ወዳድ በመሆኑ በጤናማ ቆዳ በኩል ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። በአሜሪካ የኮስሜቲክስ ንጥረ ነገሮችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድንም በ2002 ባወጣው ሪፖርት በተለመደው አጠቃቀም ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ብሏል። ሰውን የሚያስፈራው ብዙውን ጊዜ ከሕክምናው ዓለም የተሰማ ወሬ ነው። በእርግጥም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ በደም ሥር ሲሰጥ የደምን ካልሲየም በድንገት ሊያወርድ ይችላል፤ ከ2003 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ በዚሁ ምክንያት ሕፃናት ጭምር ሞተዋል። ይሁን እንጂ በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒትና ቆዳ ላይ የተቀባ ክሬም በመጠንም በመንገድም ስለማይገናኙ፣ የአንዱን አደጋ ለሌላው ማውረስ ስሕተት ነው። በተቃራኒው፣ ኪሌተር ያለበት ክሬም «መርዛማ ብረታ ብረትን ከሰውነት ያወጣል» የሚለው ማስታወቂያም መሠረት የለውም፤ ክሬሙ ውስጥ የተጨመረው ለክሬሙ ለራሱ ነው። በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ኢዲቲኤ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደ ቆዳ ጠልቀው እንዲገቡ ሊያግዝ መቻሉ ነው፤ ስለሆነም የምርቱ ቀማሚ አብሮት የሚጨምረውን መምረጥ አለበት።

እውነተኛው ቅሬታ ከቆዳ ይልቅ ከውኃ አካላት ጋር ይያያዛል። ኢዲቲኤ በቆሻሻ ውኃ ማጣሪያዎች ውስጥ በቀላሉ ስለማይበሰብስ ወደ ወንዞች ይደርሳል። አንዳንድ አምራቾች በዚህ ምክንያት ከእህል ገለፈት ወደሚገኘው ሶዲየም ፋይቴት፣ ወይም ከግሉታሚክ አሲድ ወደሚሠራውና በቀላሉ ወደሚበሰብሰው ቴትራሶዲየም ግሉታሜት ዳይአሴቴት እየተሸጋገሩ ነው። ሲትሪክ አሲድም ብረታ ብረትን ይይዛል፤ ይሁንና አያያዙ ከኢዲቲኤ በእጅጉ የላላ ነው። ስለዚህ «ኢዲቲኤ የለውም» የሚል ምርት ሲገዛ በምትኩ የገባውን ማየት ይገባል፤ የተተካው በሲትሪክ አሲድ ብቻ ከሆነና ምርቱ ቫይታሚን ሲ ወይም በቀላሉ የሚሻግት የዕፅዋት ዘይት ካለበት፣ ከተከፈተ በኋላ ሳይቆይ ተጠቅሞ መጨረሱ ይመረጣል።