«ካልፈረምኩ አያስነሱኝም» እና ሌሎች የካሳ ስህተቶች

የመሬት ጉዳይ ይዞ ባሕር ዳር ቢሮዬ ከሚመጣው ሰው ብዙው «መሬቱን ልቀቅ የሚለውን ደብዳቤ አልተቀበልኩም፤ አልፈረምኩም» ይለኛል፣ እንደ ድል ቆጥሮ። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሰው ሀብቱን የሚያጣው በዚህ የጎረቤት ምክር ነው።

አለመፈረም ማስለቀቁን አያስቆምም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳውን አልወስድም ያለ ሰው ገንዘቡ በዝግ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፣ ሥራው ይቀጥላል። ቅሬታ ግን ጊዜ አለው፦ ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፍርድ ቤት። ደብዳቤ መቀበል ደግሞ በካሳ ግምቱ መስማማት አይደለም። «በግምቱ ቅሬታ አለኝ» ብለው ጽፈው ይፈርሙ፤ ቅጂውን ይያዙ።

ዘንዘልማ በኩል ያሉ አንዲት እናት መልእክተኛውን ከበር መለሱት። ያመጣውን የግምት ቅጽ ከልጆቻቸው አንዱ ቢያየው ኖሮ ስህተቱን ይይዘው ነበር፦ በየዓመቱ ገበያ የሚያወጡት ማንጎ «ፍሬ ያልሰጠ» ተብሎ ተመዝግቧል። ፍሬ የሚሰጥና ያልደረሰ ተክል ካሳቸው ይለያያል። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃ ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ጊዜው አልፏል፣ ዛፎቹም ተቆርጠዋል። በምን እናስረዳ? እስካሁን ያንገበግበኛል።

«መሬት የመንግሥት ስለሆነ ምንም አይገባኝም» የሚሉም አሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል፤ ንዑስ አንቀጽ 8 ግን ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። «በቅድሚያ» የምትለዋን ይያዟት።

በሌላው ጫፍ፣ ጣና ዳር ያለ ቦታ በካሬ ስንት እንደሚሸጥ እየጠቀሱ ያንኑ የሚጠብቁ አሉ። ካሳው የሚሰላው በላዩ ባፈሩት ንብረትና በመሬቱ ላይ ባደረጉት ቋሚ ማሻሻያ ነው፤ ከቦታው ስለተነሱ የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳ ይጨመርበታል።

«የአስር ዓመት ምርት» የሚባለው የድሮው፣ የአዋጅ 455/1997 ስሌት ነው። በ1161፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይታሰብለታል።

ገማቾቹ ሲመጡ በር አይዝጉ። አብረው ይዙሩ፣ እያንዳንዱን ዛፍ አብረው ይቁጠሩ፣ ፍሬ ይዞ ሳለ ፎቶ ያንሱት። ማመልከቻዎንም መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ ማህተምና ቁጥር ያረፈበትን ቅጂ ሳይቀበሉ አይውጡ።