እሳቱ ስለታየ ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም

ጎንደር ዙሪያ ባዮጋዝ ስጠግን ዓመታት አለፉ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ ወሬውን ባሕር ላይ እስካሉት የነዳጅ ማውጫዎች ያደርሰዋል። እዚያ ትርፍ ጋዝ ረጅም ማማ ጫፍ ላይ ይቃጠላል፤ የጋዙ ዋና ክፍል ባዮጋዝ ውስጥም ያለው ሚቴን ነው። አንዷ አባባል ግን በጣም ሰልችታኛለች፦ «ማማው ጫፍ ላይ እሳት እየነደደ አይደል? ሚቴኑ ተቃጥሎ አለቀ።» በቀደም ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ የተማረ ወዳጄ ይህንኑ ደገመልኝ።

አላለቀም! ሚቴን በደንብ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል፤ ልክ ነው። ግን ሁሉም በደንብ አይቃጠልም። ስሌት ሲሠራ ብዙ ጊዜ 98 በመቶው ይጠፋል ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ የብስ ላይ ያሉ ማቃጠያዎችን በአውሮፕላን ሲለካ ያገኘው 91 በመቶ ገደማ ነው። የሚያመልጠውን አስሉት፤ ከ2 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ከፊሉ ሳይቃጠል ያልፋል። ከፊሉ እሳቱ ከጠፋበት ማማ እንዲሁ ይለቀቃል። ኃይለኛ ነፋስ ደግሞ ነበልባሉን ያዳክመዋል፤ ባሕር ላይ ነፋስ መቼ ጠፍቶ!

አዘዞ አክስቴ ቤት ምድጃው ሰማያዊ ነበልባል እያወጣ ነበር። «ደህና ነው፣ ምን ትነካካዋለህ?» አለችኝ። ቱቦው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ስቀባ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ነበልባሉን እያየን ብቻ ቢሆን አናውቅም ነበር።

«ቢያፈስ ይሸት ነበር» የሚሉም አሉ። ሚቴን ሽታ የለውም። ባዮጋዝን የሚያሸተው አብሮት ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው።

«ሳተላይት ሁሉን ያያል»ም ልክ አይደለም። ሚቴን የሚለይበትን ብርሃን ባሕሩ ስለሚውጠው ምስሉ ይጨልማል። የፀሐይ ነጸብራቅ ከውሃው ወደ ሳተላይቱ የሚመለስበትን አቅጣጫ መጠበቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ካለ አንድ ማውጫ በ17 ቀን 40 ሺህ ቶን ገደማ ሚቴን እንደወጣ የታወቀው እንዲህ ነው። የወጣውም ከማቃጠያው ማማ ነው።

«ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ለሚሉኝ፦ አየሩ አንድ ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። አየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ቢቀነስ ለውጡን በዕድሜያችን እናየዋለን።

መፍትሔውም አለ። ጋዙን ከማቃጠል ይልቅ መልሶ መጠቀም፣ ነበልባሉ አለመጥፋቱን ሌት ተቀን መከታተል፣ በድሮን፣ በአውሮፕላንና በመርከብ እየዞሩ መለካት። እናንተም ቤታችሁ ባዮጋዝ ካለ መጋጠሚያዎቹን በየጊዜው የሳሙና ውሃ ቀቡ። ክብሪት ጭራችሁ ግን በፍጹም እንዳትፈትሹ።