የሳይክል ቦርሳ ራሳችሁ ልትሰፉ ነው? መጀመሪያ እነዚህን ከጭንቅላታችሁ አውጡ

በሱሉልታም በለገጣፎም በሰበታም መስመር ሳይክል የምንነዳ ሰዎች የፍሬም ቦርሳ (ከሳይክሉ ዋና ቱቦዎች መሀል የሚገባ ቦርሳ) እንፈልጋለን። ከአዲስ አበባ ትንሽ ወጣ ካላችሁ የጎማ መጠገኛ፣ ፓምፕ፣ የዝናብ ልብስና የሚቀመስ ነገር መያዝ ግድ ነው። ከውጭ የሚመጣው ቦርሳ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ሸራ፣ ዚፕ፣ ቬልክሮና ጥብጣብ ግን መርካቶ ሞልቷል። ወፍራም ነገር የሚሰፋ ጫማ ሰፊም በየሰፈሩ አይጠፋም። ስለዚህ ቤት ውስጥ መስራቱ ያዋጣል፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረውም ይሄንኑ ነው።

ጣጣ ያለው አንድ ጥግ ላይ ነው፤ የላይኛው ቱቦ ኮርቻውን ከሚሸከመው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት። እዚያ ጋ የኮርቻውን ዘንግ የሚያጠብቀው ቀለበት አለ፣ ብሎን ወይም እጀታ አለ፣ ብየዳ አለ፣ ብዙ ሳይክል ላይ የፍሬን ገመድም በዚያው ያልፋል። በቤት የተሰፋ ቦርሳ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ መነሻውም ሰው እንደ እውነት የሚቀባበላቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው።

«ሶስቱን ጎን ለክተህ ቁረጥ፣ በቃ»

ሰው ሜትር ይዞ ሶስቱን ቱቦ ይለካና ቁጥሩን ለሰፊው ይሰጣል። ልኩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ብየዳው የት እንዳበጠ፣ የውሃ መያዣው ብሎን የት እንደወጣ፣ ገመዱ በየት እንዳለፈ ቁጥር አይናገርም። ይሄን የሚያሳያችሁ ካርቶን ነው።

ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፉ። ኮርቻውን በምትነዱበት ከፍታ አጥብቁት፣ ከቦርሳው ጋር የምትጠቀሙበት የውሃ መያዣ ካለም በቦታው እሰሩት። ከዚያ ጠንከር ያለ ካርቶን (የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ይሆናል) ከፍሬሙ ጎን ለጥፋችሁ የቱቦዎቹን የውስጥ ጠርዝ በእርሳስ ተከተሉ። ቁረጡትና ፍሬሙ መሀል አስገቡት። የሚነካውን እየቀነሳችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ያህል ክፍተት ሲኖረው ልክ ሆኗል።

የላይኛውን የኋላ ጥግ ሹል አድርጋችሁ አትተዉት። ሁለት ሶስት ሴንቲ ያህል ቀንሳችሁ ክብ አድርጉት። ሹል ጥግ ለመስፋት ያስቸግራል፣ ዕቃም አይገባበትም፣ ፒስታ ላይ ሲንገጫገጭ ደግሞ ብየዳው እየፈተገ ቶሎ ይቀደዋል። ለስፌት የሚሆነውን አንድ ሴንቲ ጨርቁ ላይ ስትስሉ ጨምሩ፤ ካርቶኑ ላይ ከጨመራችሁት ፍሬሙ ውስጥ አስገብታችሁ መሞከር አትችሉም።

«ቦታ ከጠበበ ኮርቻውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው»

ይሄኛው አደጋ አለው። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ከፍ ስታደርጉት ኮርቻው ብቻ ነው የሚነሳው፣ ቦርሳው የሚገባበት ቦታ በአንድ ሚሊ እንኳን አይሰፋም። ዘንጉ ላይ የመጨረሻውን ልክ የሚያሳይ መስመር ተቀርጿል። መስመሩ ከቀለበቱ በላይ ከታየ ዘንጉ ከሚገባው በላይ ወጥቷል ማለት ነው፣ እንደዚያ ሆኖ ኮብልስቶን ላይ ቢነዳ ዘንጉ ሊታጠፍ ወይም የፍሬሙ አፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኮርቻ ከፍታ በእግራችሁ ርዝመት ይወሰን፣ ቦርሳው ደግሞ ለፍሬሙ ይሰፋ።

«የኋላውን ማሰሪያ ዘንጉ ላይ ካሰርከው አይነቃነቅም»

ለፍሬም ቦርሳ ትክክለኛው ቦታ ከቀለበቱ በታች ያለው ቱቦ ነው። ዘንጉ ላይ ከታሰረ ኮርቻ ዝቅ ለማድረግ በፈለጋችሁ ቁጥር ቦርሳ ልትፈቱ ነው። ዘንጉ በራሱ ትንሽ ትንሽ ከሰመጠም ቦርሳውን ይዞት ይወርዳል፣ ስፌቱም ይሳባል።

ቀለበቱን በጨርቅ መሸፈንም እንደዚያው ነው። በእጅ የሚከፈት እጀታ ካላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። እጀታው በትክክል ከተዘጋ ስትጫኑት መዳፋችሁ ላይ ምልክት ጥሎ ያልፋል። መሀል ላይ ጨርቅ ወይም ጥብጣብ ከገባ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ክፍት ቦታ ተዉለት። እጀታው ወደ ቦርሳው የሚተኛ ከሆነና ቀለበቱ የሚገለበጥ ዓይነት ከሆነ አውጥታችሁ ገልብጡት፣ በሌላው ጎን ይዘጋል። ወይም በብሎን የሚጠብቅ ቀለበት ቀይሩበት፤ ኮርቻ በቀላሉ ተነቅሎ እንዳይሰረቅም ይጠቅማል። ስትገዙ ግን ልኩን ከዘንጉ አትውሰዱ። 27.2 ሚሊ ዘንግ ያለው ሳይክል ቀለበቱ 27.2 አይደለም፣ ቀለበት የሚለካው በፍሬሙ ቱቦ የውጭ ስፋት ነው። ካሊፐር ያለው መካኒክ ጋ አስለኩት።

«ብሎን ሲረዝም ነው አስተማማኝ የሚሆነው»

ፍሬሙ ላይ የውሃ መያዣ ቀዳዳዎች ካሉ ቦርሳውን በነሱ ማሰር ግሩም ሀሳብ ነው። ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ 64 ሚሊ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፣ የሚወስዱትም 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ብሎን ነው። ኮርቻውን በያዘው ቱቦ ላይ ግን ረጅም ብሎን ካስገባችሁ ጫፉ ቱቦው ውስጥ ወጥቶ ይቀራል። ከዚያ ኮርቻ ዝቅ ለማድረግ ስትሞክሩ ዘንጉ ከብሎኑ ጋር ይጋጫል ወይም ተፍቆ ይወርዳል። የቦርሳውን ጨርቅና ከውስጥ የምታደርጉትን ማጠንከሪያ ውፍረት ያህል ብቻ ከነባሩ የሚረዝም ብሎን ይበቃል። ለማጠንከሪያ ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ በጣም አሪፍ ነው።

«አጥብቀህ እሰረው»

ማሰሪያው መጥበቅ አለበት፣ እውነት ነው። ግን የላይኛው ቱቦ ስር ገመድ የሚያልፍ ከሆነ ቬልክሮው ገመዱን ከቱቦው ጋር አጣብቆ እንዳይዘው፣ በገመዱና በቱቦው መሀል አሳልፉት። የተጨፈለቀ ገመድ ፍሬኑን ይዞ ያስቀረዋል፣ ማርሹንም ያዛባዋል። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ቀልድ አያውቅም።

«ሰፋ ካለ ብዙ ይይዛል»

ይይዛል፣ ጉልበታችሁ ግን ሲፋተግ ይውላል። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ስፋት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጭኖቻችን የሚቀራረቡት ወደ ኮርቻው ስለሆነ ከኋላ በኩል ጠበብ ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ቦርሳ ሲሞላ ጎኑ ያብጣል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱን ጎኖች ከውስጥ በኩል በአጭር ጥብጣብ አያይዟቸው፣ እብጠቱን የሚይዘው እሱ ነው።

«ሸራ ስለሆነ ዝናብ አያስገባም»

ሸራው ባያስገባ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ያስገባል፣ ዚፑም ያስገባል። የሐምሌን የሱሉልታ ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስልክና ገንዘብ በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ዚፑ ላይ ክዳን ስፉበት፣ የታችኛው ጥግ ላይም ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተዉ።

«ጨርቅ ቀለም አይልጥም»

ጨርቅ ብቻውን ላይልጥ ይችላል፣ አቧራ የገባበት ጨርቅ ግን ብርጭቆ ወረቀት ነው። ማሰሪያው በሚያርፍበት ሁሉ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጣችሁ ቱቦው ላይ ጠቅልሉበት። ቀለሙንም ይጠብቃል፣ ማሰሪያውም አይንሸራተትም።

ሁሉንም ካሰራችሁ በኋላ ከመውጣታችሁ በፊት ቦርሳውን ሙሉት፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክሩ፣ የኋላውን ጎማ አንስታችሁ የፊት ማርሹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ቀይሩ። የታችኛው ጥግ መቀየሪያውን ከነካው ካርቶኑን አውጥታችሁ እዚያ ጋ እንደገና ቀንሱ።