ሩበንስና «የጦርነት መዘዞች»

«የጦርነት መዘዞች» ፍላንደርሳዊው ሠዓሊ ፒተር ፖል ሩበንስ በ1638 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በአንትወርፕ (በዛሬዋ ቤልጅየም) የሣለው ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ዛሬ የሚገኘው በፍሎረንስ፣ በፒቲ ቤተ መንግሥት ነው። በባሮክ ዘመን፣ ማለትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጥበብ፣ የጥንት አማልክት ለጌጥ ብቻ አይሣሉም ነበር፤ በእጃቸው የያዙት፣ በእግራቸው የረገጡት ሁሉ ፍቺ ነበረው። ብዙ ሠዓልያን ጣሊያናዊው ቼዛሬ ሪፓ በ1593 ያሳተመውን የተምሳሌት መዝገብ ያገላብጡ ነበር። የዚህን ሥዕል ፍቺ ግን ሩበንስ ራሱ፣ በፍሎረንስ ለነበረው ሠዓሊ ዩስቱስ ሱስተርማንስ በደብዳቤ ጽፎለታል።

በስተግራ የሮማውያን አምላክ የያኑስ ቤተ መቅደስ በሩ ተከፍቷል። ሮማውያን ይህን በር በሰላም ጊዜ ይዘጉት፣ ጦርነት ሲነሣ ይከፍቱት ነበር። የጦርነት አምላክ ማርስ ደም የነካው ሰይፍ ይዞ ወጥቷል። ፍቅረኛው፣ የፍቅር አምላክ ቬኑስ፣ አቅፋ ልታስቀረው ትታገላለች፤ ችቦ የያዘችው የቁጣ መንፈስ አሌክቶ ደግሞ ወደፊት ትጎትተዋለች። ከፊታቸው የሚሄዱት አስፈሪ ፍጡራን ቸነፈርና ረሃብ ናቸው።

መሬት ላይ የወደቁት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጥፋት ይናገራሉ። የተሰበረ የሙዚቃ መሣሪያ የያዘችው ሴት ስምምነት ናት። ልጇን ያቀፈች እናት አለች፤ መሣሪያውን እንደያዘ የተዘረረ የሕንፃ ባለሙያም አለ። ማርስ መጽሐፍ ረግጧል። የፍላጻዎቹ እስር ተፈትቶ ተበትኗል፤ ታስሮ ሳለ የአንድነት ምልክት ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን እየሰማ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት መዝገብ አያስፈልገውም።

የሥዕሉ ልብ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ከቬኑስ ጀርባ ጥቁር ለብሳ፣ መሸፈኛዋ ተቀዶ፣ ጌጧን ተገፍፋ እጆቿን ወደ ላይ የዘረጋችው ሴት ናት። ሩበንስ አውሮፓ ናት ይላል፤ ለብዙ ዓመታት ዝርፊያና ውርደት የተፈራረቁባት። በአጠገቧ ያለ ሕፃን የያዘው ባለ መስቀል ሉል የክርስቲያኑ ዓለም ምልክት ነው። ሠዓሊው ይህን ሐዘን ከመጽሐፍ አልቀዳውም። ከ1618 ጀምሮ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት አህጉሩን ሲያቃጥል አይቷል፤ የስፔን መልእክተኛ ሆኖ ለንደን ድረስ ሄዶ ለ1630ው የእንግሊዝና የስፔን ዕርቅ ደክሟል። ቬኑስን ውብ አድርጎ ቢሥላትም ማርስ ወደ እርሷ የሚመለስ አላደረገውም፤ እግሩ ወደፊት ተራምዷል።

ሩበንስ በ1640 ዐረፈ። ጦርነቱ ያበቃው በ1648 ነው።