ማብላላትን በሙቀት መከታተል ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ኮምፖስት ያዘጋጀ ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል። ክምሩ መሐል እንጨት ይሰካል፤ ከቀናት በኋላ ነቅሎ በእጁ ይዳብሰዋል። ከሞቀ ሥራው እየሄደ ነው። ከቀዘቀዘ ወይ ውሃ አጥሮታል፣ ወይ አየር አጥሮታል፣ ወይ ጨርሷል። ሕያው ፀረ ተባይ የሚያመርት ፋብሪካም ይህንኑ ያደርጋል፣ በተሻለ መሣሪያ።

ከእነዚህ ሕያው መድኃኒቶች በጣም የታወቀው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ፣ ባጭሩ ቢቲ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ፣ ዘር መሰል አካል) ሲሠራ አብሮ የፕሮቲን ክሪስታል ያበጃል። ክሪስታሉን የበላ አባጨጓሬ አንጀቱ ይበሳና መብላት ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን የገባው፣ የበቆሎ ገበሬውን ያማረረው መጤ ተምችም አባጨጓሬ ነው። (ቢቲ ሁሉ ግን እኩል አይገድለውም። ደግሞ በቅጠሉ ጥቅል ውስጥ ከተደበቀ ርጭቱ አያገኘውም።)

ባክቴሪያው ታንክ ውስጥ ምግብና አየር እያገኘ 30 ዲግሪ አካባቢ ይባዛል፤ ማብላላት የሚባለው ይህ ነው። ሲተነፍስ ሙቀት ይለቃል። የሚበላው ምንም ይሁን ምን፣ በአንድ ሞል (32 ግራም) ኦክስጅን 450 ኪሎጁል ገደማ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን የለካ ሰው ባክቴሪያው ምን ያህል እየተነፈሰ እንደሆነ ያውቃል፤ ናሙና መቅዳትም አያስፈልገውም።

ችግሩ ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። ሌሊትም ቀንም 30 ዲግሪ ይላል፤ ማቀዝቀዣው እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው። ወሬው ያለው በታንኩ ድርብ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ጋ ነው። በሰዓት 1,000 ሊትር ገብቶ 2 ዲግሪ ሞቆ ከወጣ፣ ታንኩ 2.3 ኪሎዋት ገደማ እያወጣ ነው ማለት ነው። ከዚህ ላይ የማማሰያው ሞተር የሚጨምረው ይቀነሳል፤ ከአየሩ ጋር በንኖ የሚወጣው ደግሞ ይደመራል። ይህቺን የዘነጋ ሰው ሞተሩን ባክቴሪያ ብሎ ይቆጥራል።

ባክቴሪያው ሲባዛ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል። ስኳሩ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ቀድሞ ያወጣውን አሲድ መልሶ ሲበላ ትንሽ ሊያንሰራራ ይችላል። ከዚያ ወደ ስፖር ሥራው ሲዞር እየቀነሰ ይሄዳል። ገና ምግብ ሳለ ድንገት ዘጭ ካለ ግን አየር ተቋርጧል፣ ወይም ባክቴሪያውን የሚገድል ቫይረስ ገብቷል። ያ ታንክ በሙሉ ሊደፋ ይችላል።

ሙቀቱ ክሪስታሉን አይቆጥርም። የሙቀቱ መጠን ሲወርድ ጠብታ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ስፖርና ክሪስታል ያልያዘ ሴል ከበዛ ምርቱ አይሰበሰብም፣ ይጠበቃል።