የጀርመን ቦምብ ጣይ አብራሪ ኑሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት

ስለ ጀርመን አየር ኃይል ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ተዋጊ አብራሪው ነው። ቦምብ ጣዩ ግን ብቻውን አይበርም። ሃይንክል 111 በተባለው የጀርመን ቦምብ ጣይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሰው ይሳፈራል፦ አብራሪ፣ ኢላማ ፈልጎ ቦምቡን የሚለቅ፣ የሬዲዮ ሠራተኛና ተኳሾች። አንዱ ቢመታ ሌላው ደርሶ ቦታውን መሸፈን አለበት።

የአውሮፕላኑ አፍንጫ በሙሉ መስታወት ነው። ለማየት ግሩም ነው፣ ጥይት ግን አይመክትም። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ፊት ለፊት ምንም ስለማይታይ አብራሪው ወንበሩን ከፍ አድርጎ፣ የጣሪያውን መስኮት ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ነፋሱ አውጥቶ ማሳረፍ ይችል ነበር።

በ1940 (እ.ኤ.አ.) በጋ በቀን ብርሃን ወደ እንግሊዝ ሲበሩ ክፉኛ ተጎዱ። ተኳሾቹ የያዙት በእጅ የሚዞር፣ 75 ጥይት ብቻ የሚጎርስ መትረየስ ነው፤ የሚመጣባቸው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር ደግሞ ስምንት መትረየስ ይዟል። ስለዚህ ወደ ሌሊት ዞሩ። አብራሪው በጨለማ የሚመራው ከባሕር ማዶ በሚላክ የሬዲዮ ሞገድ ነበር፤ ወደ አንድ ጎን ሲስት አጭር አጭር ድምፅ፣ ወደ ሌላው ሲስት ረዘም ያለ፣ መስመሩ ላይ ሲሆን ደግሞ የማይቋረጥ ድምፅ በጆሮው ይሰማል። እንግሊዞች ደርሰውበት ማወክ ጀመሩ። ቢሆንም ከመስከረም 7 ቀን 1940 ጀምሮ ለንደን ለ57 ተከታታይ ሌሊት ተደበደበች፤ እስከ ግንቦት 1941 በመላው ብሪታንያ ከ40,000 በላይ ሲቪሎች አለቁ። ይህን ዘሎ የአብራሪውን ድካም ብቻ ማውራት ለእኔ ትልቅ በደል ነው።

ድካሙስ? የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ሠራተኛ 30 ያህል ተልእኮ ከፈጸመ በኋላ እረፍት ያገኛል። ጀርመኑ እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ እስኪሞት፣ እስኪቆስል ወይም እስኪማረክ ይበራል። ጀርመናዊው ቦምብ ጣይ አብራሪ ሃንስጌኦርግ ቤትቸር ከ600 በላይ ተልእኮ በርሮ ከጦርነቱ ተርፏል፣ አብዛኞቹ ግን እሱን አልታደሉም። እንቅልፍ ለማባረር ፐርቪቲን የሚባል አነቃቂ ክኒን ይዋጥ ነበር።

በ1942 መጨረሻ በሶቪየት ኅብረቷ ከተማ ስታሊንግራድ የተከበበውን የጀርመን ሠራዊት ለመቀለብ ቦምብ ጣዮቹ ሳይቀሩ ምግብና ነዳጅ ጫኑ፣ ሲመለሱ ቁስለኛ አወጡ። ለዚህ ሥራ አስተማሪዎች ጭምር ከበረራ ትምህርት ቤት ተወሰዱ፤ ልምድ ያለው አስተማሪ ሲያልቅ አዲሱ አብራሪ ተቻኩሎ እየሠለጠነ ወደ ግንባር ተላከ። በ1944 ነዳጅ ሲጠፋ ብዙ የቦምብ ጣይ ክፍሎች ፈረሱ። ከሠራተኞቹ ገሚሱ ወደ ተዋጊ አውሮፕላን ተዛወረ፣ ሌላው ጠመንጃ ተሰጥቶት እግረኛ ሆነ።